የጽጌ አባት ድሬዳዋን የቀመሱባቸው ሁለት ቀናት

ከተማዬን እንደ መንገደኛ የዞርኳት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ድሬዳዋ ተምሬ፣ ድሬዳዋ የባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ቅባት የጠገበ ሱሪ ለብሼ የምሠራ ሰው ነኝና የትኛው ቤት ፉሉ እንደሚጥም፣ የትኛው ዛፍ ጥላው እንደሚቀዘቅዝ ለማወቅ የሰው ምሪት አያስፈልገኝም። በዚያች የጥር ቅዳሜ ግን ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነስቼ፣ ጢሜን ተላጭቼ፣ ያለችኝን አንድ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ስወጣ ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው ልቤ ይመታ ነበር። እናቴ በር ድረስ ሸኘችኝና "ታደሰ፣ እግዜር ይቅናህ፤ ሰውዬውን ግን በምግብ ብዛት እንዳትገድላቸው" አለችኝ።

ሰውዬው የተባሉት የጽጌ አባት አቶ ደምሴ ናቸው። ጽጌ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት፤ ሳቢያን ሰፈር ከአንዲት ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ እጮኛዬ ናት፤ እጮኛ የምንባባለው ግን እኔና እሷ ብቻ ነን። ሽማግሌ ብልክ አባቷ "አገሩን ሳላይ ልጄን አልሰጥም" አሉ። ይኸውና ሊያዩ መጡ። ሲመጡም ሐሳባቸውን አልደበቁም፤ እዚያው ደብረ ብርሃን የምታስተምርበት ቦታ አግኝተውላታል፤ ሰኞ ባቡሩ ሲነሳ ወይ ብቻቸውን ይመለሳሉ፣ ወይ ልጃቸውን ይዘው። ጽጌ የአባቷን ቃል እንደማትጥስ አውቃለሁ። እንድትጥስም አልፈልግም፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ እንደ እናትም እንደ አባትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

"በወሬ አታሸንፋቸውም" አለችኝ ጽጌ ዓርብ ዕለት። "ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው የሰው ውሸት ሲመዘግቡ ኖረዋል። አገሩን አሳያቸው፤ የሚበላውን አብላቸው፤ የቀረውን እግዜር ያውቃል።"

ሌላ ነገር ሊያቅተኝ ይችላል፤ ማብላት ግን አያቅተኝም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሳቢያን

አቶ ደምሴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ካፖርት ለብሰዋል። የሱፍ ካፖርት! ጥር ለድሬ የብርድ ወር ነው ቢባልም ብርዱ እኛ የምናወራለት እንጂ ሌላ ሰው የሚሰማው አይደለም።

"ካፖርቱን ቤት ቢተዉትስ?" አልኳቸው።

"የሰው አገር ነው" አሉኝ፣ ቁልፉን እስከ አንገታቸው እየቆለፉ። "አይታወቅም።"

ጋሪ ጠራሁ። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት በዚያ ዘመን ታክሲ ከመጠበቅ ጋሪ መያዝ ይሻል ነበር። ባለ ጋሪው ሽርጡን ያገለደመ ወጣት ሱማሌ ነው። አቶ ደምሴን ከላይ እስከ ታች አያቸውና "ወሪያ! ውጣ እንጂ አቦ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አላቸው።

አቶ ደምሴ አንድ እግራቸውን መርገጫው ላይ እንዳደረጉ ደርቀው ቀሩ።

"ማንን ነው አንተ የሚለው?"

"ክፋት የለውም አባባ" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ድሬ 'እርስዎ' ማለት አለመደባትም። ሚኒስትር ቢመጣም አንተ ነው የሚባለው።"

"እኔ ሚኒስትር አይደለሁም። ሽማግሌ ነኝ" አሉና ወጡ፤ ጽጌም አጠገባቸው ተቀመጠች። እስከ መጋላ ሰፈር ድረስ ዓይናቸውን ከፈረሱ ጭራ ላይ አላነሱም። ገና ቁርስ ሳንበላ አንድ ለዜሮ እየተመራሁ ነው አልኩ በልቤ።

መጋላ የገባነው ለፉል ነው። ፉል ቤቱ አራት ጠረጴዛ አለው፤ ተመጋቢው ግን አርባ ነው፤ ስለዚህ የማታውቀው ሰው ትከሻህን ገፍቶ አጠገብህ መቀመጡ አይቀርም። ፉሉ በብረት ሳህን ይመጣል፤ በደንብ የተፈጨ፣ ዘይቱ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የተከተፈበት፣ ከሙን ያልተሰሰተበት። ከጎኑ ትኩስ ፉርኖ ዳቦና ሻይ በወተት። የሦስታችን ቁርስ ሁለት ብር እንኳ አልሞላም። የቤቱ ባለቤት ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሳይጠሩ መጥተው ከእኛ ጋር ተቀመጡ።

"ስምህ ማን ነው?" አሉ እንግዳችንን።

"አቶ ደምሴ እባላለሁ።"

"ደምሴ!" ብለው ወደ ጓዳ ጮሁ። "ለደምሴ ጨምርለት!"

አቶዋ መንገድ ላይ ቀረች። ፉሉ ግን ተጨመረ። አቶ ደምሴ ሁለተኛውን ሳህን በዳቦው ጥርግ አድርገው ከጨረሱ በኋላ አፋቸውን በመሐረብ ጠራርገው ፍርዳቸውን ሰጡ።

"ባቄላ እኛም ዘንድ አለ።"

ከመጋላ ወደ ቀፊራ ስናልፍ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሙ። ከሥራችን አሸዋ ብቻ ነው፤ ሁለት ግመሎች ተንበርክከው ያመነዥካሉ፣ ወዲያ ማዶ ኳስ የሚጫወቱ አሉ።

"ወንዙ የት ሄዶ ነው ድልድዩ የቀረው?"

"ተራራው ላይ ሲዘንብ ይመጣል።"

"ሲመጣስ ሰው ይወስዳል?"

ጽጌ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ለፍርድ ቤት ጸሐፊ መዋሸት ግን አይሆንልኝም። "ይወስዳል" አልኩ። አቶ ደምሴ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና አለፉ። ሁለት ለዜሮ።

ቀፊራ ገበያ አዳነችኝ። ብርቱካኑ፣ መንደሪኑ፣ ፓፓያው ተከምሮ፣ ባለ ቀለም ሽቲ የሚሉትን ስስ ቀሚስና ሻሽ የለበሱ ሴቶች ከኋላው ተቀምጠው ይጣራሉ። አንዷ ለፊተኛው ገዢ በኦሮምኛ፣ ለሁለተኛው በሱማልኛ፣ ለእኛ በአማርኛ መለሰችና፣ መሐል ላይ ደግሞ ጎረቤቷን በዐረብኛ ሰደበች። አቶ ደምሴ ገበያቸውን ረስተው ቆመው ሰሟት።

"ይቺ ሴት ስንት ቋንቋ ነው የምትችለው?"

"ገዢው የሚናገረውን ሁሉ" አለች ጽጌ።

መንደሪን አንስተው ልጠው ቀመሱ። ሌላ ላጡ። ሦስተኛውን ካፖርታቸው ኪስ ከተቱ። "ይኼ እኛ ዘንድ የለም" አሉ በመጨረሻ፣ እያዘኑ። ደስታዬ ከገበያው ጩኸት በላይ ነበር።

ቀን ሰባት ሰዓት፣ የከተማው እንቅልፍ

ከምሳ በኋላ እኛ ቤት ነበርን። ድሬ በዚህ ሰዓት ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ ሰውም ጥላ ፈልጎ ይተኛል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ጠዋት ማልደን እንሠራለን፣ ፀሐይ ስትበርድ ደግሞ እንመለሳለን። እናቴ ለእንግዳዋ ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር አልጋ ዘረጋችላቸው።

"እኔ ቀን የተኛሁት ታይፈስ የያዘኝ ጊዜ ነው" አሉና ከተማ ሊያዩ ብቻቸውን ወጡ። ብንለምናቸው እምቢ አሉ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ካፖርቱ ክንዳቸው ላይ ነው።

"ምን ሆነዋል?" አለች እናቴ ደንግጣ።

"እኔ ምንም አልሆንኩ። ከተማውን ማን ገደለው?"

ውሃ ጠጥተው አልጋው ላይ ጋደም አሉ። እስከ አሥር ሰዓት አልነቁም። ሲያንኮራፉ ጽጌ ስቃ ስቃ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ቀጥላ ግን ወደ እኔ ዞረች። "ሰኞ ከሳቸው ጋር ብሄድ ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከዚራ

ከዚራን ያላየ ድሬን አየሁ አይበል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፎቹ ከወዲህና ከወዲያ ተደግፈው ጣራ ሠርተዋል፤ ማታ ማታ ሰው ሁሉ ታጥቦና ተቀብቶ ለመታየት ይወጣል። አንድ ግሪክ ትቶት የሄደ፣ አሁን አብሳዮቹ የሚያስተዳድሩት ምግብ ቤት አለ፤ ፓስታውን እንደ ጥንቱ ይሠራሉ። ጓደኛዬ አብዲ እዚያ ጠበቀን።

አብዲን ማስተዋወቅ አለብኝ። መጋላ የተወለደ ኦሮሞ ነው፤ ቤታቸው ከእኛ ጥቂት በር አልፎ ነው፤ ከእኔ ጋር ከልጅነት አብረን አድገን፣ ዛሬም አንድ ማሽን ላይ ፊት ለፊት ቆመን እንሠራለን። ለአቶ ደምሴ ክብር "እርስዎ" ማለትን ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ ከርሟል።

"እርስዎ አባባ" አለ ተነስቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "እንኳን ደህና መጡ። ቁጭ በል!"

አቶ ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ተስፋዬ ለመለመ። ፓስታውን በሹካ ሊጠቀልሉ ታግለው ሲያቅታቸው በማንኪያ ቆራርጠው በሉት፤ 'ይኼም እኛ ዘንድ አለ' ግን አላሉም። ሁሉም ነገር መልካም ነበር፤ የአብዲን ሳህን እስኪያዩ ድረስ።

"የአንተ ለምን ሥጋ የለውም?"

"እዚህ ቤት ሥጋው የክርስቲያን ነው አባባ። እኔ በቲማቲም ነው የምበላው። ለምጄዋለሁ።"

አቶ ደምሴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ የመጡበትን ነገር አወጡት።

"ልጄ፣ ከእናትህ ሌላ እዚህ አገር ዘመድ አለህ?"

"የለኝም" አልኩ። "አባቴ ከባቡሩ ሥራ ጋር ነው የመጣው፤ ሞቷል።"

"ይኸውልህ። ከተማችሁ ደስ ይላል፤ አልዋሽም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሙቀቱ አይደለም። ጽጌ እዚህ ብትወልድ ማን ያርሳታል? ብትታመም ማን ውሃ ያቀብላታል? አንተ ሥራ ላይ ነህ፤ እናትህ አንድ ሰው ናት፤ እኔ ያለሁት ሩቅ ነው። ጓደኛህ ጥሩ ልጅ ነው። ግን ይኸው፣ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣችሁ ከአንድ ሳህን መብላት አልቻላችሁም። በክፉ ቀን ከማን ጋር ልትሆኑ ነው?"

ጽጌ አንገቷን ደፋች።  አብዲ ፓስታውን በሹካው አዞረው። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

መንገዴን ሙሉ ያንን ሳህን አስብ ነበር። እሁድ ከአብዲና ከእናቱ ጋር አለማያ ሐይቅ ልንሸራሸር ነበርና እናቴ ለእንግዳችን በግ አስራለች። ቤት ገብቼ የሆነውን ነገርኳትና "በጉን ጎረቤታችን ጋሽ ዑመር ይረደው" አልኳት። ሳልጨርስ ገባት።

"እነ አብዲ ከእኛ ድስት ሲበሉ ሰውዬው እንዲያዩ?"

"አዎ።"

"እኛስ? እሳቸውስ ምን ይበላሉ?"

"ዳቦና ሰላጣ አለ። እንቁላል ቀቅይ።"

ትንሽ አሰበችና "እነ አብዲ የእኔን ድስት አይነኩትም፤ ነገ በጠዋት ድስት እዋሳለሁ" አለች። እናቴ እንዲህ ናት።

እሁድ ረፋድ፣ የደንጌጎ ጠመዝማዛ

ጠዋት አቶ ደምሴ ከጽጌ ጋር ቅዳሴ አስቀደሱ። እኔ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ስለነበረ እንግዳ መጥቶብኛል ብዬ ፈቃድ ለመንኩ፤ ሊቀ መንበሩ ከቤታችን የሚሸተውን ጥብስ አሽትቶ ኖሮ ጥያቄ አላበዛብኝም። አራት ሰዓት ላይ አብዲ የአጎቱን አሮጌ ፒክአፕ ነድቶ መጣ። እናቱ አዴ ፋጡማ ከፊት ተቀምጣለች። አዴ ማለት በነሱ ቋንቋ የከበረች እናት ማለት ነው፤ እኔ ግን አንቺ እያልኳት ነው ያደግሁት። አቶ ደምሴ ከአጠገቧ ገቡ፤ እናቴ፣ ጽጌና እኔ ከኋላ ከድስቶቹ ጋር ተጫንን። ሁለት ድስት፣ ሁለቱም በጨርቅ ታስረዋል። ልማዳችን ስለሆነ አልደነቀኝም፤ አብረን ስንወጣ ሁልጊዜም እነሱ የነሱን ሥጋ፣ እኛ የኛን እንይዛለን፤ ዳቦው፣ ሰላጣውና ፍራፍሬው የጋራ ነው።

ወደ ደንጌጎ ተራራ መውጣት ስንጀምር መኪናው እያቃሰተ፣ እየተጠማዘዘ ወጣ። ከኋላ ሆነን የአዴ ፋጡማ ድምፅ በመስኮቱ ይሰማናል።

"ደምሴ፣ ወደ ታች አትይ አቦ፣ ያዞርሃል! ሚስትህ መቼ ነው የሞተችው? ለምን አላገባህም?"

መልሳቸው አልተሰማም። ጽጌ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ኬላው ላይ ፈታሹ ኮንትሮባንድ ፍለጋ አንዱን ድስት ገልጦ አየ፣ አሸተተ፣ ሌላውንም ገልጦ አሸተተ። "ይኼን ይዛችሁ ስታልፉ እኔ ላይ ግፍ ነው" አለና አሳለፈን። እናቴ ሁለት መንደሪን ሰጠችው።

ከደንጌጎ አናት ላይ ቆመን ወደ ኋላ አየን። ድሬ ከታች በአቧራና በፀሐይ ተሸፍና ነጭ ሆና ትታያለች። ከዚያ በላይ አየሩ ቀዘቀዘ፤ እኔ በሸሚዝ ተንቀጠቀጥኩ። አቶ ደምሴ ከመኪናው ወርደው ካፖርታቸውን በደስታ ቆለፉ። "አያችሁ?" አሉን አንድ በአንድ እያዩን። "አይታወቅም አላልኳችሁም?"

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ አለማያ ሐይቅ ዳር

ሐይቁ ያን ቀን ጸጥ ብሎ ተኝቶ ነበር፤ የውሃ ወፎች ዳርዳሩን ይለቅማሉ፣ ከወዲያ የጫትና የድንች ማሳ እስከ ኮረብታው ይወጣል። በትንሽ ጀልባ ዞርን፤ አቶ ደምሴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠርዙን ጨብጠው ተቀመጡ። ስንወርድ ርቦን ነበር። ምንጣፍ ተዘረጋ።

እናቴ የድስቷን ጨርቅ ፈታች፤ ክዳኑን አንስታ ድስቱን ወደ አዴ ፋጡማ ገፋችው። ድምጿን ከፍ ያደረገችው አቶ ደምሴ እንዲሰሙ ነው።

"ፋጡማ፣ ዛሬ ከእኔ ነው የምትበዪው። በጉን ያረደው ዑመር ነው፣ ቢስሚላሂ ብሎ። ድስቱም የእኔ አይደለም፤ እንዳትጠራጠሪ።"

አዴ ፋጡማ ድስቱን ዞር አድርጋ አየችው። "ይሄ የእህቴ የመይሙና ድስት አይደለም እንዴ?"

"ነው። ዛሬ ጠዋት ተዋስኩት።"

አዴ ፋጡማ አልሳቀችም። የራሷን ድስት ጨርቅ መፍታት ጀመረች። ሩዝ በፍየል ሥጋ ነው፣ ዘቢብ ጣል ጣል የተደረገበት፣ ሽታው ከሐይቁ ማዶ የሚጠራ። ወደ እናቴ ገፋችው።

"እኔ ደግሞ ፍየሉን ያሳረድኩት በጎረቤቴ በተክሌ ነው። በስመ አብ ሲል አጠገቡ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ድስቱ የሚስቱ ነው። ለእናንተ ነው ያበሰልኩት። ለደምሴ!"

ሁለቱ ሴቶች ሁለቱን ድስቶች አዩ።

"እና አንቺ ምን ልትበዪ ነበር?" አለች እናቴ።

"ዳቦና ሰላጣ። አንቺስ?"

"እንቁላል ቀቅያለሁ።"

"ይሄን ያሰበው ማን ነው?"

እኔና አብዲ ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም የጽጌ ክፍል ተማሪ ይመስል እጃችንን አወጣን። ለካ እሱም ከከዚራ ቤቱ ገብቶ እናቱን እንደ እኔ ለምኗት ኖሯል። ስምንት ሰዓት ሙሉ አንድ ማሽን ላይ ፊት ለፊት ቆመን ስናወራ የምንውል ሰዎች፣ ያቺን አንዲት ነገር ብቻ ሳንነጋገር ቀረን።

"ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለች እናቴ።

"አንቺስ ብትነግሪኝ? ድስት ልትዋሺ ስትመጪ በበሬ አይደል ያለፍሽው!"

ጽጌ ምንጣፉ ላይ ወድቃ ትስቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አቶ ደምሴን ነበር የማየው። ሰውየው ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ድስት ያያሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። 

"ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ፍርድ ስጽፍ ኖሬያለሁ" አሉ። "ዛሬ አንድ የራሴን ልስጥ። ግራ ቀኙን ሰምቻለሁ። ድስቶቹ ባሉበት ይጽኑ፤ የዚህኛው ባለቤት ከዚያኛው ትብላ፣ የዚያኛው ባለቤት ከዚህኛው። እንቁላሉ ለጥፋተኞቹ ለታደሰና ለአብዲ ይሰጥ።"

ፍርዱ ተፈጸመ። ለእኛ ለጥፋተኞቹ ኋላ ላይ ይቅርታ ተደረገልንና እኔ ሩዙን፣ አብዲ በጉን በላን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የጣመኝ ምግብ የለም፤ አብዲ የእናቴን ጥብስ ሲቀምስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁትም ያን ቀን ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያላምጠው።

"ኒያዱ! ብላ እንጂ አቦ፣ ሩዙን አንድ በአንድ ትቆጥረዋለህ እንዴ?" አለች አዴ ፋጡማ።

"እየበላሁ ነው" አሉ አቶ ደምሴ። "አንቺ ደግሞ በጉን ብዪ።"

አንቺ! ጽጌ ቀና ብላ አየችኝ።

ፍራፍሬው ሲቀርብ አቶ ደምሴ መንደሪናቸውን ሳይልጡ በእጃቸው እንደያዙ ወደ አዴ ፋጡማ ዞሩ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጄ እዚህ ብትወልድ ማን ያርሳታል?"

"ይሄ ምን ጥያቄ ነው?" አለች ተቆጥታ። "ይቺ ታደሰን ስትወልድ ማን ያረሳት መሰለህ? እኔ ነኝ። እኔን አብዲን ስወልድ ማን አረሰኝ? እሷ ናት።"

"ጡቴ ደርቆ ነበር" አለች እናቴ፣ ሰላጣውን እየሰበሰበች። "ታደሰን ሁለት ሳምንት ያጠባችው ፋጡማ ናት። አብዲን በአንዱ፣ እሱን በአንዱ።"

ይህን በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። አብዲም አልሰማም፤ አፉን ከፍቶ ነበር።

"እንዴት አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሩን?" አልኩ።

"ምኑ ይነገራል?" አለች አዴ ፋጡማ። "አለቀስክ፣ ጠባህ፣ ዝም አልክ።"

አቶ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ። ከዚያ የያዙትን መንደሪን መላጥ ጀመሩ።

ወደ ቤት

ስንመለስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ ቀስ እያለ መጥቶ ተቀበለን። ሳቢያን ደርሰን ጽጌና አባቷ ወረዱ።  አቶ ደምሴ በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱና አብዲንና እኔን በየተራ አዩን።

"ነገ ብቻዬን ነው የምሄደው" አሉ። "ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን። ግን አደራችሁን፣ የሚታረደውን ማን እንደሚያርደው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።"

ጽጌ እዚያው መንገድ ላይ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አብዲ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እኔ ያደረግሁትን አላስታውስም፤ ጽጌ አልቅሰሃል ትላለች።

ሁለት ቀን ሙሉ ለእንግዳ ከተማዬን አሳያለሁ ብዬ ስዞር፣ የማሳየው ምግቡንና ዛፉን ይመስለኝ ነበር። ዘመድ የለኝም ብዬ ስመልስ ወንድሜ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፓስታ በቲማቲም ይበላ ነበር። የምንበላው ሥጋ ይለያይ እንደሆን እንጂ፣ እኔ የዚያ ቤት ልጅ መሆኔን ለማወቅ የደብረ ብርሃን ሰው መጥቶ መጠየቅ ነበረበት። ይህን በማሰብ አፍሬያለሁ፤ ከማፈሬ በላይ ግን ደስ ብሎኛል።

ቤት ስንገባ እናቴ የተዋሰችውን ድስት ማጠብ ጀመረች። ግማሽ ላይ ቆም አለች።

"ታዴ፣ ነገ ሥራ ስትገባ ለአብዲ ንገረው። ለሠርጉ የነሱን በግ የማሳርደው እኔ ነኝ፤ ፋጡማ እንዳትደክም።"

"እማዬ" አልኳት፣ "ራስሽ ንገሪያት እንጂ!"

አየችኝ። እጇን አደራረቀች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፣ ድስቱን ያዘችና ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ከአዴ ፋጡማ ቤት በኩል የሁለቱ ድምፅ ተሰማኝ፤ በጉን የምገዛው እኔ ነኝ፣ አይ እኔ ነኝ እየተባባሉ ይጨቃጨቁ ነበር።